ሉሲን ከካርቶንና ከራጅ ፊልም መሥራት

ጅማ መርካቶን ከላይ እስከ ታች ብትዞሩ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ የመንኮራኩር ሞዴል አታገኙም። ፈልጌ አጥቻለሁ። ደግ ሆነ። ቢገኝ ኖሮ ገዝቼ፣ በአንድ ቅዳሜ ገጣጥሜ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጬ እረሳው ነበር። ስላልተገኘ ከባዶ ተነስቼ ሠራሁት። ጊዜ በላኝ እንጂ ገንዘብ ብዙም አልበላኝም። ትልቁ ወጪዬ ቫርኒሽ ነበር።

የሠራሁት ሉሲን ነው። አጽሟን ሳይሆን በስሟ የተጠራችውን የናሳ መንኮራኩር።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን አጽም እኛ ድንቅነሽ እንላታለን፤ ፈረንጆቹ ሉሲ ይሏታል። ናሳ ደግሞ የጁፒተርን መስመር ተከትለው ፀሐይን ወደሚዞሩት፣ ትሮጃን ወደሚባሉት አስትሮይዶች (ትናንሽ የጠፈር ዓለቶች) የምትሄድ መንኮራኩር ሲሠራ ስሟን ከአጽሟ ወሰደ። አጽሟ ስለ ሰው ጥንት እንደነገረችን ሁሉ አስትሮይዶቹም ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶች ጥንት ይነግሩናል በሚል ነው። መንኮራኩሯ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ ተወነጨፈች። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አጠገቧ ያለፈችው አስትሮይድ ማን ተባለች? ድንቅነሽ። ድንቅነሽ ደግሞ ማንም ያልጠበቃት ትንሽ ጨረቃ ይዛ ተገኘች። እሷም ዲኪካ ላይ በተገኘችው ሕፃን አጽም ስም ሰላም ተባለች።

ይህን ሁሉ የአገር ስም ተሸክማ የምትዞርን መንኮራኩር ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ መሥራት አይበዛም።

መጀመሪያ ልኬቱ

1 ለ 50 ውሰዱ። ምክንያቴ ስንፍና ነው። የእውነቱ 1 ሜትር ሞዴሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሜትሩን በሁለት ማባዛት ነው፣ በቃ። ሁለቱ የሶላር ክንፎቿ ክብ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 7.3 ሜትር ስፋት አላቸው። ሞዴሉ ላይ 14.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ዋናው አንቴናዋ 2 ሜትር ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁሉም ሲገጣጠም ከክንፍ እስከ ክንፍ ከተማሪ ማስመሪያ ትንሽ ያልፋል።

የቀረውን ልኬት የምታገኙት ከፎቶ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። የናሳን ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኛላችሁ። አንቴናዋ ፊት ለፊት የምትታይበትን ምረጡ። ክቡ እንደ እንቁላል ሞልሎ ከታየ ፎቶው ከጎን የተነሳ ስለሆነ ልኬቱ ይዋሻል። ሌላ ፈልጉ። ካገኛችሁ በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙትና አንቴናውን በማስመሪያ ለኩ።

የእኔ ህትመት ላይ 32 ሚሊ ሜትር መጣ። መሆን ያለበት 40 ነው። 40 ለ32 ሲካፈል 1.25 ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ 16 ሚሊ ሜትር የሆነች ሳጥን ሞዴሉ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። አንድ እርግጠኛ ልኬት ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ በሱ ይመዘናል። እኔ መጀመሪያ እያንዳንዷን በካልኩሌተር ሳባዛ አመሸሁ። በማግስቱ ኮፒ ቤቷ ልጅ ጋ ሄጄ «ይህቺን 125 ፐርሰንት አድርገሽ አውጪልኝ» አልኳት። አወጣችልኝ። ከወረቀቱ ላይ በቀጥታ ገልብጦ መቁረጥ ሆነ። «የምን ዲሽ ነው?» አለችኝ። የጠፈር ነው አልኳት። ብዙም አልተገረመችም።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ለካሜራው የቀረበ ነገር ከእውነቱ ተልቆ ይታያል። ስለዚህ የምትለኩት ነገር ከአንቴናው ጋር እኩል ርቀት ላይ ያለ መሆን አለበት። ከኋላ ያለውን ከሌላ ፎቶ ውሰዱ።

ዕቃ መልቀም

ከቤት የሚገኘው ይበዛል። ወፍራም ካርቶን፣ ስቴኪኒ፣ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ፣ መርፌ፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ማኒላ ወረቀት፣ ኮላ፣ ኮምፓስ፣ ፕሮትራክተርና ካተር ግዙ። ካተር ከሌለ ምላጭም ይሆናል፤ አንዱን ጎን በፕላስተር ጠቅልሉት እንጂ ጣታችሁ ይተርፋል ብላችሁ አታስቡ። ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ጎራ በሉና የጎማው መሃል ላይ ካሉት ቀጫጭን ብረቶች አንድ የተጣለ ለምኑ። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቀጥ ያለ፣ የማይታጠፍ ብረት በነፃ ነው። ጫማ ሰፊ ጋ ትንሽ ማስቲሽ ይቀዱላችኋል።

ሁለት ዕቃ ግን ልዩ ናቸው።

አንደኛው ባዶ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት ነው። እኔ አላጨስም። ሰፈራችን ላለው ሱቅ በደረቴ ነግሬው ሳምንቱን ሙሉ አጠራቀመልኝ። ሃያ ያህል ይበቃል።

ሁለተኛው የቆየ ራጅ ፊልም ነው። ጅማ ውስጥ ቁም ሳጥን አናት ላይ ራጅ ያልተቀመጠበት ቤት የለም ብል አላጋነንኩም። የራጅ ፊልም ጥቁር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ቀጭን፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። የሶላር ፓነል መልክ ከነቀለሙ ማለት ነው። ማንም ፋብሪካ ለሞዴል ሠሪ ቢያመርት ከዚህ የተሻለ አያመጣም። ከመቁረጣችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ሐኪም ካዲሱ ጋር ለማወዳደር ሊፈልገው ይችላልና ሕክምናው ያላለቀለት ሰው ራጅ አይነካም። ጥግ ላይ ያለውን የታማሚ ስም ቆርጣችሁ አስወግዱ። የእኔ የእናቴ ነው። ከዓመታት በፊት ጉልበቷን ታማ የተነሳችው። «ውሰደው፣ አቧራ ነው የሚይዘው» አለች። ምን ልሠራበት እንደሆነ አልነገርኳትም።

አካሉ

አካሉ ሳጥን ነው። ከፎቶው የገለበጣችሁትን ቅርጽ ካርቶን ላይ አስምሩ፣ ቁረጡ፣ በኮላ አጋጥሙ። ካርቶን ሲታይ ጠንካራ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ግን መሃሉ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ከውስጥ ሌላ ካርቶን በመስቀል ቅርጽ አቁሙበት። ማዕዘኖቹ ላይ ስቴኪኒ ለጥፉ። ውጪውን በማኒላ ወረቀት አልብሱት፤ የካርቶኑ ሞገድ እንዳይታይ።

የጅማን አየር ግን አትናቁ። እዚህ ዝናብ ከክረምቱ ቀድሞ ይገባል፣ ከክረምቱም ዘግይቶ ይወጣል። የመጀመሪያ ሳጥኔን መስኮት ሥር አሳድሬው ጠዋት ስነሳ ሆዱ ተነፍቶ ጠበቀኝ። ካርቶን እርጥበት ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ሥራ ሳቆም ሁሉንም በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ከፍ ያለ ቦታ ማሳደር ጀመርኩ። ኮላውም ደረቀ ሲሉት አይደርቅም። ማሸጊያው ላይ ሰዓት ቢጻፍም እናንተ አንድ ሌሊት ስጡት። ሳጥኑ እንደደረቀ ከውስጥም ከውጪም አንድ እጅ ስስ ቫርኒሽ ቀቡት። ከዚያ ወዲያ እርጥበት አያገኘውም።

ወርቃማውን ልባስ ከመጀመራችሁ በፊት የብስክሌቱን ብረት ሳጥኑን ከጎን ወደ ጎን በስታችሁ አሳልፉት። ቀዳዳዎቹን በማስመሪያ ለኩ፣ በዓይን አይሆንም። ሁለቱ ክንፎች የሚቀመጡት በዚህ ብረት ጫፎች ላይ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ብረት ሁለቱንም ከያዘ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች አይንጋደድም። ሁለት የተለያየ እንጨት ሰክታችሁ ለማስተካከል ብትሞክሩ ዕድሜ ልካችሁን ታስተካክላላችሁ።

ወርቅ ያልሆነው ወርቅ

የመንኮራኩር አካል ወርቃማ ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ወርቅ ይመስለዋል። አይደለም። ማር የመሰለ ቀለም ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ከጀርባው አሉሚኒየም ተቀብቷል። ብርሃኑ በማርማው ፕላስቲክ ያልፍና ከብሩ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ለዓይናችን ወርቅ ይሆናል። ብዙ ንብርብር ሆኖ የሚለበሰው ሙቀትና ብርድ እንዲከላከል ነው። ጋቢ እንደማለት ነው።

እኛም የምንሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የሲጋራው ወረቀት ብሩን ይሰጠናል። ማሩን ደግሞ ከአናጢ እናገኘዋለን። ጅማ የበርጩማና የእንጨት ሥራ አገር ናት፣ ቫርኒሽ ሞልቷል። ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄደውን ጠይቁ፤ ውሃ የመሰለው አይሆንም። ወረቀቱን መጀመሪያ በመዳፋችሁ ጨምድዱት። ከዚያ በቀስታ ዘርጉት። ሙሉ በሙሉ አታለስልሱት፤ ጭምድዱ እንዲቀር ነው የምንፈልገው። የእውነቱም ልባስ እንደተወጠረ ቆርቆሮ የተለሰለሰ አይደለም፣ የተሸበሸበ ነው። ሳጥኑን በአንድ ትልቅ ወረቀት መጠቅለል ስጦታ ያስመስለዋል። በትናንሽ ቁራጮች፣ ጠርዝ በጠርዝ እየደረባችሁ ለጥፉ። ከዚያ ቫርኒሹን በለስላሳ ብሩሽ ቀቡ። አንድ እጅ ሲቀባ ሎሚ ይመስላል። በማግስቱ ሁለተኛውን ስትደርቡበት ማር ይሆናል። ሦስተኛ አትጨምሩ፤ ይጠቁራል። እኔ ጨምሬ አንድ ጎን ልጬ እንደገና ለብጫለሁ።

ክንፎቹ

ሰው ሞዴላችሁን ሲያይ የሚያየው ክንፎቹን ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው። ጁፒተር ከፀሐይ ያለው ርቀት ከእኛ 5.2 እጥፍ ነው። ብርሃኑ ደግሞ በርቀቱ ስኩዌር ስለሚቀንስ እዚያ የሚደርሰው ወደ 27 እጥፍ ያንሳል። ሉሲ ይህን የሚያህል ክንፍ የያዘችው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክንፍ ላይ ነበርኩ።

እያንዳንዱ ክንፍ ልክ ለአሥር ሰው እኩል እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ነው። አሥር ቁራሽ፣ እያንዳንዱ 36 ዲግሪ። በእኛ ልኬት የቁራሹ ሁለት ጎኖች 7.3 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 4.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሃያ ቁራሽ ያስፈልጋችኋል። ሃያውን አንድ በአንድ እየለኩ መቁረጥ ግን ስህተት ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ። እያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢሰፋ አሥሩ ተደምረው 370 ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ቁራሽ መግቢያ ያጣል።

መላው ይህ ነው። የኤቲኤም ካርዱን በዚህ ልክ ቁረጡት። ልኩ ካርዱ ላይ በደንብ ይበቃል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ አድርጉና የካርዱን ሹል ጫፍ ነጥቡ ላይ አሳርፋችሁ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሩ። አዙሩት፣ ከቀድሞው መስመር አጋጥማችሁ ደግሞ አስምሩ። አሥረኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው መስመር ላይ ልክ ማረፍ አለበት። ካለፈ ካርዱን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሹትና እንደገና ሞክሩ። ጎደለ ማለት ደግሞ ካርዱ ጠቧል፣ ሌላ ካርድ ፈልጉ። እኔ አራተኛው ሙከራ ላይ ገጠመልኝ። ካርዱ አንዴ ልክ ከሆነ ግን ሃያውም ቁራሽ ልክ ነው።

አሁን ራጁን አምጡ። አጥንቱ ነጣ ብሎ ስለሚታይ ጥቁሩን ዳርና ዳር ተጠቀሙ። ካርዱን አስተኝታችሁ በካተር ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሉበት። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ አትጫኑ፤ ፊልሙ ይንሸራተታል። የሹሉን ጫፍ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጡለት፤ መሃሉ ላይ ቁልፍ ይመጣበታል።

ቀጥሎ ደስ የሚለው ሥራ ነው። የራጅ ጥቁረት የፕላስቲኩ ሳይሆን ላዩ ላይ ያለ ስስ ሽፋን ነው። በመርፌ ጫፍ ሲጫር ይላጣል፣ ከሥሩ ብሩህ መስመር ይወጣል። ያ መስመር የሶላር ሴሎቹ መለያ መስመር ነው። ቀለም አያስፈልግም፣ ብሩሽ አያስፈልግም። መርፌውን ያለቀ እስክሪብቶ ውስጥ ሰክታችሁ በፕላስተር እሰሩት፤ መያዣ ይሆናል። ከታችኛው ጎን ጀምራችሁ በየሁለት ሚሊ ሜትሩ በማስመሪያ ጫሩ። አንድ ቁራሽ ላይ ሠላሳ ሁለት መስመር ይገባል። ሃያው ሲደመር 640 መስመር ነው። ቡና ይፈላ።

የቆዩት ፊልሞች ብዙዎቹ በሁለቱም ፊት ተቀብተዋል። አንዱን ፊት ብቻ ስትጭሩ መስመሩ ደመቅ አይልም፣ ግራጫ ይሆናል። እኔ ግራጫውን ወደድኩት፣ ከሩቅ እውነት ይመስላል። ደመቅ እንዲል ከፈለጋችሁ የጀርባውን ሽፋን በረኪና በነካ ጥጥ ጥረጉት፤ ይለቃል። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ወደ ፊተኛው ገጽ እንዳይፈስ ተጠንቀቁና ወዲያው በውሃ እጠቡት። መጀመሪያ ግን ትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

ቁራሾቹን የሚሸከመው ማኒላ ወረቀት ነው። 14.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ በኮምፓስ ሥሩ፤ የኮምፓሱ አከፋፈት 7.3 ነው። ላዩን በብርማው ወረቀት አልብሱት፣ ይህ ሳይጨማደድ ነው። ቁራሾቹን እላዩ ላይ ደርድሩ፤ በመሃላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ተዉ። በክፍተቱ የሚታየው ብር ቁራሾቹን የሚለይ ዘንግ ይመስላል። በጫሩት መስመር ሥርም ብሩ ያበራል። ማጣበቂያው ማስቲሽ ይሁን። ሁለቱንም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እጅ እስከማይዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ግጠሙ። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ጭሱ ፊልሙ ላይ እንደ ጉም ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ አይጠረግም። ሦስት ቁራሽ በዚህ አጥቻለሁ። ፊልሙ ሲያልቅብኝ ወደ አጥንቱ መግባት ነበረብኝ። አንድ ቁራሽ ላይ ነጣ ያለ ጥላ የሚታየው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ መሃሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ለጥፉ።

አንቴናው በጭልፋ

አንቴናው ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ ጣራ ላይ እንዳለው ዲሽ። ወረቀት በቀጥታ እንዲህ አይጎብጥም። መላው ጭልፋ ነው። ወጥ ማውጫ ጭልፋ ጀርባው ለስላሳ ጉባ ነው። ዘይት ቀቡት። ሶፍት ቀዳድዳችሁ ውሃ በገባው ኮላ እየነከራችሁ አምስት ስድስት ንብርብር ለጥፉበት። እየለጠፋችሁ በጣት ተጫኑ፣ አየር እንዳይቀር። ከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ግን ሳይጠጋ፣ ለአንድ ቀን ይድረቅ። ሲላቀቅ የተስተካከለ ጎድጓዳ ታገኛላችሁ። በኮምፓስ 4 ሴንቲ ሜትር ክብ አስምራችሁ በመቀስ ቁረጡ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ነጭ ቀለም ቀቡት። ስፕሬይ ከሆነ ዝናብ በጣለበት ቀን አትንፉ፤ ቀለሙ እርጥበት ይዞ ይደበዝዛል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይሻላል። ጭልፋውን ደግሞ ሳታጥቡ ወደ ወጥ ቤት አትመልሱ። ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ንግግር ተደርጎብኛል።

ዓይኖቿ

የሉሲ መሣሪያዎች አንድ ላይ ተሰብስበው በሚንቀሳቀስ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አስትሮይድ አጠገብ ስታልፍ ሰውነቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ እንድታዞር ነው። ዋናው ሎሪ የሚባለው ከሩቅ የሚያይ ካሜራ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀፎ ቁራጭ ይሆናል፣ ውስጡን አጥቁሩት። ራልፍ የሚባለው በተለያየ ቀለም እያየ አስትሮይዱ ከምን እንደተሠራ የሚለይ ነው፤ ቴስ ደግሞ ሙቀት ይለካል። ሁለቱንም ከካርቶን ቁራጭ አበጁ። አጠገባቸው ዒላማውን የሚከተሉ ሁለት ትናንሽ ካሜራዎች አሉ፤ የክብሪት እንጨት ጫፍ ይበቃቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ከፎቶው ጋር እያያችሁ በስቴኪኒ መደብ ላይ ትከሏቸው። በ1 ለ 50 ማንም ቀርቦ አይቆጥርባችሁም።

ክፍተቱ

ክንፎቹን ብረቱ ላይ ገጥሜ፣ ሁለቱም ሙሉ ክብ ሆነው ሳይ ኩራቴ ለጉድ ነበር። አሥር ጊዜ 36፣ 360፣ አንድ ፀጉር አይጎድልም። የጎረቤታችን ልጅ መጣ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ዞሮ ዞሮ አየውና «ጋሼ፣ አንዱ እኮ አልተዘጋም» አለ። የቱ? ሁለቱም ተዘግቷል! «የሷ ማለቴ ነው። የእውነቷ።»

ልጁ ልክ ነበር። ሉሲ ስትወነጨፍ ክንፎቿ ታጥፈው ነበር። ጠፈር ላይ ሲደርሱ ሞተር ገመድ እየጠቀለለ ይጎትታቸዋል፤ እንደ ማራገቢያ እየተዘረጉ ዙረው ሙሉ ክብ ሆነው ይቆለፋሉ። አንደኛው ተቆለፈ። ሁለተኛው ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ገመዱ እንደሚገባው አልተጠቀለለም ነበር። መሐንዲሶቹ ወራት አስበው እ.ኤ.አ. በ2022 ዋናውንና መጠባበቂያውን ሞተር አንድ ላይ አስነስተው ጎተቱት። ከ353 እስከ 357 ዲግሪ ደረሰ። አልተቆለፈም። ግን ተወጥሮ ስለያዘ በዚያው ትሂድ ተባለ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ትሄዳለች።

ስለዚህ የእናንተ ሁለተኛ ክንፍ እንዳይዘጋ አድርጉ። መሃሉን፣ 5 ዲግሪን ያዙ፤ ዳር ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ነው። አንዱን ቁራሽ ብቻ አጥብባችሁ አታምጡት፤ አሥሩም ቁራሽ አለ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተጠጋግቷል። ከእያንዳንዱ የታችኛ ጎን 0.6 ሚሊ ሜትር በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ወደ ሹሉ ጫፍ እየቀነሳችሁ። አሥሩ ሲደመር 6 ይሆናል። ማኒላውንና ብሩን ወረቀትም በዚያው ልክ ሸንሽኑ፤ ክፍተቱ በጀርባ በኩል ብርሃን ማሳለፍ አለበት። እኔ የተለጠፈውን ክንፍ ሙሉ በሙሉ ቀድጄ ነው የሠራሁት። እናንተ ከመጀመሪያው አስቡበት። እንግዳ ሲመጣ «ይህቺ አልገጠመችልህም» ይላችኋል። ያኔ ወሬ ተጀመረ ማለት ነው።

ማቆም

አናጢ ጋ የተጣለ የዋንዛ ቁራጭ ለምናችሁ መሃሉ ላይ ቀጭን ሽቦ ትከሉና አካሉን ከሥሩ ስኩበት። ወይ ከጣራ በዓሣ ማጥመጃ ክር አንጠልጥሉት። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ድመት አለን።

ድንቅነሽንም አብሬ ልሥራት ብዬ አስቤ ነበር። ሒሳቡን ሳወጣው ተውኩት። ሉሲ በድንቅነሽ አጠገብ ያለፈችው 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። በ1 ለ 50 ይህ 8.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሞዴሉ መርካቶ ቢቀመጥ አስትሮይዷ ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አልፋ መቀመጥ አለባት። ስፋቷም ከ700 ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ እዚያ ላይ የአራት አምስት ፎቅ ሕንፃ ታህላለች። ለዚህ የሚሆን ካርቶን የለኝም።

እናቴ ሞዴሉን ያየችው ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ነው። መነጽሯን አድርጋ ከሥሩ ቆመች። አንቴናውን አየች፣ ወርቁን አየች፣ ጭልፋውን ጠየቀችኝ። ከዚያ ያልተዘጋው ክንፍ ላይ ዓይኗ ቆመ። ጣቷን ወደ አንዷ ቁራሽ ቀሰረች፤ ነጣ ያለ ጥላ ወዳለባት።

«ይሄ ጉልበቴ አይደለም እንዴ?» አለች።